የታይፕ ሲ ኬብል ለሚገዙ፦ የትኛው ገመድ ለየትኛው ሥራ?

በስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተንጠለጠሉት የታይፕ ሲ ኬብሎች ሁለቱን አንስቶ ጫፍ ለጫፍ ቢያስተያዩአቸው ምንም ልዩነት አይገኝባቸውም። ሆኖም አንደኛው ላፕቶፕ የሚሞላና የአንድ ሰርግ ሙሉ ቪዲዮ በደቂቃ ውስጥ የሚያሻግር፣ ሌላው ደግሞ ስልክ ከመሙላት አልፎ አንዲት ፎቶ እንኳ ማሳለፍ የማይችል ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሁለቱንም «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እሱ ራሱ ልዩነቱን አያውቀውም።

ግራ መጋባቱ ከመሰኪያው አፈጣጠር ይጀምራል። ታይፕ ሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በየትኛውም በኩል ቢሰካ የሚሠራ፣ 24 መገናኛ ነጥቦች ያሉት መሰኪያ ሆኖ ነው የመጣው። የመሰኪያው ደንብ ግን ገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁሉ እንዲሟሉ አያስገድድም፤ በዋናነት ለቻርጅ የታሰበ ገመድ የኃይሉና የቀርፋፋው ዳታ ጥቂት ሽቦዎች ይበቁታል፣ ይህም በደንቡ የተፈቀደ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ15ኛው ትውልዱ ጀምሮ ወደ ታይፕ ሲ ተሻገረ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮችና ታብሌቶች ይህ መሰኪያ እንዲኖራቸው አስገደደ። ቀዳዳው በየዕቃው አንድ እየሆነ በሄደ ቁጥር የገመዶቹ ልዩነት ይበልጥ ከዓይን ተሰወረ።

ለአብዛኛው ተጠቃሚ ሁሉን የሚችል አንድ ውድ ገመድ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ገመድ መያዝ ይሻላል፦ ለቻርጅ ወፍራም ሽቦ ያለው ተራ ገመድ፣ ለዳታ ደግሞ ፍጥነቱ በቁጥር የተጻፈበት አጭር ገመድ። ምክንያቱ ከመመዘኛዎቹ ይወጣል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የገመዱ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንደኛው ጫፍ ሰፊውና የቆየው ኤ ከሆነ ገመዱ «ከኤ ወደ ሲ» ነው፤ ሁለቱም ጠፍጣፋና ጠርዛቸው የተድበለበለ ከሆኑ «ከሲ ወደ ሲ» ነው። የሁለቱ የኃይል አሰጣጥ የተለያየ ስለሆነ ሱቅ ከመሄድ በፊት የቻርጀሩን ቀዳዳ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኃይል ነው። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ደንቡን የጠበቀ ማንኛውም ከሲ ወደ ሲ ገመድ ቢያንስ 3 አምፔር መሸከም ስላለበት በ20 ቮልት 60 ዋት ያሳልፋል። ከዚያ በላይ የሚሄድ ገመድ 5 አምፔር መሸከም ብቻ ሳይሆን፣ በጫፉ ውስጥ «እኔ 5 አምፔር እችላለሁ» ብሎ ለቻርጀሩ የሚናገር ኢ-ማርከር የሚባል ትንሽ ቺፕ ሊኖረው ይገባል። በዚህ መንገድ ጣሪያው መጀመሪያ 100 ዋት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ቮልቱ ወደ 48 ከፍ እንዲል ሲፈቀድ 240 ዋት ደረሰ። ቻርጀሩ ቺፑን ካላገኘ ከ3 አምፔር አያልፍም። ስለዚህ ለላፕቶፕ ደካማ ገመድ ቢሰካ፣ ገመዱ ደንቡን የጠበቀ እስከሆነ ድረስ፣ የሚከተለው አደጋ ሳይሆን መዝገም ነው።

ሦስተኛው የዳታ ፍጥነት ሲሆን፣ ገዢዎች በብዛት የሚታለሉበትም እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ታይፕ ሲ ስለሆነ ብቻ ገመዱ ፈጣን አይሆንም፤ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ የቻርጅ ገመዶች የዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ብቻ አላቸው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ይህ ለስምንት ሲካፈል 60 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር የሚገኘው ግን ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 50 ጊጋባይት ቪዲዮ በዚህ ገመድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በሴኮንድ 10 ጊጋቢት በሚያሳልፍ ገመድ ግን፣ በሁለቱም በኩል ያሉት ዕቃዎች ከቻሉ፣ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ስሞቹን ለመሸምደድ መሞከር አያስፈልግም፦ 5 ጊጋቢት የሚያሳልፈው አንዱ ዓይነት ብቻ መጀመሪያ ዩኤስቢ 3.0፣ ቀጥሎ 3.1 ጄን 1፣ በኋላም 3.2 ጄን 1 ተብሎ ሦስት ጊዜ ስም ተሰጥቶታል። ደረጃውን የሚያወጣው ድርጅት ራሱ ከ2022 ወዲህ በማሸጊያ ላይ የጊጋቢቱ ቁጥር ብቻ እንዲጻፍ ማበረታታቱ ነገሩ ምን ያህል እንደተወሳሰበ ያሳያል።

አራተኛው ርዝመትና የሽቦ ውፍረት ነው፤ ሻጭ የማይነግርዎ፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚያስመርርዎ ይህ ነው። የሽቦ ውፍረት በአሜሪካ መለኪያ ሲጻፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። አንዳንድ ገመዶች በፕላስቲክ ሽፋናቸው ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍ አላቸው፤ መጀመሪያ 28 የሚል ቁጥር ከአንድ ጥንድ ጋር፣ ቀጥሎ 24 የሚል ቁጥር ከሁለት ሽቦ ጋር ካነበቡ፣ የመጀመሪያው የዳታው፣ ሁለተኛው የኃይሉ ሽቦ ነው። የኃይሉም 28 ከሆነ ገመዱ ቀጭን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ቁጥር 28 የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ያህል ተቃውሞ (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የመግታት ባሕርይ) አለው፤ ባለ 2 ሜትር ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 4 ሜትር፣ ተቃውሞውም 0.85 ኦም ይሆናል። በዚህ ላይ 2 አምፔር ቢያልፍ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከቻርጀሩ 5 ቮልት ቢወጣ ስልኩ የሚደርሰው 3.3 ቮልት ነው፣ ያም ባትሪውን ለመሙላት አይበቃም። ስለዚህ ስልኩ የሚወስደውን አምፔር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ባትሪው የደከመ ይመስለዋል። በዚያው ርዝመት ቁጥር 24 ሽቦ ቢሆን የሚቀረው 0.67 ቮልት፣ ቁጥር 20 ቢሆን ደግሞ 0.27 ቮልት ብቻ ነው። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ከንጹሕ መዳብ ይልቅ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ስለሚጠቀሙ፣ ውፍረታቸው ደህና ቢመስልም ተቃውሟቸው ከፍ ያለ ነው። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖርና በሁለት ሰዓት ውስጥ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም መሙላት ለሚፈልግ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛው ታማኝነት፣ ስድስተኛው ጥንካሬ ነው። ስለ ጥንካሬ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ የታይፕ ሲ መሰኪያ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ተሰክቶ እንዲነቀል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ገመድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከጫፉ አጠገብ በመታጠፍ ነው። ስለዚህ በክር የተጎነጎነው ሽፋን ከሚሰጠው ውበት ይልቅ ጫፉና ገመዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ረዘም ያለና የሚተጣጠፍ መከላከያ መኖሩን ማየት ይሻላል።

ስለ ታማኝነት ግን አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። የጎግል መሐንዲስ የነበረው ቤንሰን ሊዩንግ ከ2015 ጀምሮ በአማዞን የሚሸጡ የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ ይፈትሽ ነበር። ብዙዎቹ ከኤ ወደ ሲ ገመዶች 56 ኪሎ ኦም መሆን የሚገባውን ተቃዋሚ (ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) በ10 ኪሎ ኦም ተክተውት አገኘ። ልዩነቱ ተራ አይደለም፤ ያ ትንሽ ተቃዋሚ ስልኩ ምን ያህል ኃይል መሳብ እንደሚችል የሚነግረው ምልክት ነው። ምልክቱ ሲዋሽ ስልኩ 3 አምፔር ከማይችል አሮጌ ቻርጀር ወይም ከላፕቶፕ ቀዳዳ 3 አምፔር ለመሳብ ይሞክራል፤ ጉዳቱ የሚደርሰውም በሰጪው ላይ ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሽቦው ተገላብጦ የተበየደ አንድ ገመድ የሚፈትሽበትን ላፕቶፕ አቃጠለበት። አማዞን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደንቡን የማይጠብቁ የታይፕ ሲ ገመዶች እንዳይሸጡበት ከለከለ። የተመሰከረለት ገመድ በማሸጊያው ላይ ደረጃውን የሚያወጣው የዩኤስቢ ማኅበር ምልክት ከዋትና ከጊጋቢት ቁጥር ጋር ይኖረዋል፤ ምልክቱን አስመስሎ ማተም ግን ስለሚቻል የሞዴሉን ስም በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማረጋገጥ የተሻለ ነው።

አማራጮቹ በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

*ከኤ ወደ ሲ።* በሀገራችን በብዛት የሚገኘው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስልኮችም ከሳጥናቸው የሚወጡት ከዚህ ገመድ ጋር ነው። በተለመደው አሠራር በ5 ቮልት እስከ 15 ዋት ይሰጣል። የአንዳንድ ስልኮች ፈጣን ቻርጅ ከዚያ በላይ የሚሄደው ስልኩ፣ ቻርጀሩና ገመዱ በአምራቹ የግል ዘዴ ሲነጋገሩ ነው፤ የኦፖና የሁዋዌ ዘዴዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ የሳጥኑ ገመድ ሲበጠስ ሌላ የኤ ገመድ ቢገዙ ስልኩ ይሞላል፣ ፈጣን ቻርጁ ግን ላይመለስ ይችላል። የአምራቹን ገመድ ፈልጎ መግዛት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ገመድ ሌላም የማይናቅ ጥቅም አለው፦ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላቸው ርካሽ የእጅ ባትሪዎች፣ ስፒከሮችና የፀጉር መላጫዎች አንዳንዶቹ ከሲ ወደ ሲ ገመድ ሲሰካባቸው ፈጽሞ አይሞሉም። የሲ ቻርጀር በዕቃው ውስጥ 5.1 ኪሎ ኦም ተቃዋሚ መኖሩን ሳያረጋግጥ ኃይል አይለቅም፤ አምራቾቹ ደግሞ ያንን ተቃዋሚ ለቁጠባ ሲሉ ይተዉታል። የኤ ቻርጀር ሳይጠይቅ ስለሚሰጥ በእሱ ይሞላሉ። አንድ የኤ ገመድ ቤት ውስጥ መቅረት አለበት።

*ከሲ ወደ ሲ፣ 60 ዋት፣ ዩኤስቢ 2.0።* ስልክ፣ ታብሌት፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ፓወር ባንክ፣ ብዙ ኃይል የማይጠይቅ ላፕቶፕ ሳይቀር በዚህ ይሞላሉ። ሽቦዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ገመዱ ለስላሳና በቀላሉ የሚጠቀለል ነው፤ አልጋ አጠገብም ሆነ ቦርሳ ውስጥ የሚመቸው እሱ ነው። የአይፎን 15 እና 16 መደበኛ ሞዴሎች በየትኛውም ገመድ ከ480 ሜጋቢት አያልፉም፤ ስለዚህ ለእነሱ ከዚህ በላይ የዳታ ገመድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አይፎን 15 ፕሮ በአንጻሩ 10 ጊጋቢት ይችላል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ገመድ ግን ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ነው፣ ይህንን ሳያውቁ ወራት የሚያሳልፉ የቪዲዮ ባለሙያዎች አሉ።

*ከሲ ወደ ሲ፣ 240 ዋት፣ ዩኤስቢ 2.0።* ቻርጀሩ 65 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ላፕቶፕ ይህ ያስፈልጋል፤ በ60 ዋት ገመድ ቢሰካ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ከቻርጀሩ ሙሉ አቅም ግን አይደርስም። ስልክም ቢሆን አንዳንዴ 5 አምፔር ይጠይቃል፤ የሳምሰንግ 45 ዋት ፈጣን ቻርጅ ባለ 5 አምፔር ገመድ ካላገኘ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል። በገበያ 100 ዋት የሚሉ ገመዶች አሁንም አሉ፤ በእጅዎ ካለ ይጠቀሙበት፣ አዲስ ሲገዙ ግን 240 የሚለውን ይምረጡ። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ ትልቅ የዋት ቁጥር ያየ ሰው ገመዱ ዳታውንም ያፈጥናል ብሎ ያስባል። አፕል ራሱ የሚሸጠው የ240 ዋት የቻርጅ ገመድ የዳታ ፍጥነቱ ዩኤስቢ 2.0 ነው።

*ከሲ ወደ ሲ፣ 10 ወይም 20 ጊጋቢት።* ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላለው፣ ካሜራ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ለሚገለብጥ፣ ላፕቶፑን ከስክሪን ጋር በአንድ ገመድ ለሚያገናኝ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ የምስል መስመር ስለሌለው ስክሪን ላይ ቢሰካ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙዎች ስክሪኑ ተበላሸ ብለው ወደ ጥገና ቤት ይወስዱታል። የዚህ ገመድ ጉድለት ሽቦው ብዙ በመሆኑ ወፍራምና ደረቅ መሆኑ፣ ርዝመቱም መወሰኑ ነው፦ ለ10 ጊጋቢት 1 ሜትር፣ ለ5 ጊጋቢት 2 ሜትር አካባቢ ነው። 3 ሜትር ሆኖ በተራ ዋጋ «10 ጊጋቢት» የሚል ገመድ ካዩ አይመኑት። ደግሞም የሚሽከረከር ዲስክ ያለው የተለመደው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ150 ሜጋባይት ብዙም ስለማይዘልል ለእሱ 5 ጊጋቢት ከበቂ በላይ ነው።

*ዩኤስቢ4 እና ታንደርቦልት።* ሁለቱም በታይፕ ሲ መሰኪያ የሚሠሩ ፈጣን የዳታ ደረጃዎች ሲሆኑ፣ 40 ጊጋቢት፣ በአዲሶቹ ደግሞ 80 ጊጋቢት የሚያሳልፉ ናቸው። ውስጡ የዳታውን ምልክት የሚያጠናክር ቺፕ የሌለው የ40 ጊጋቢት ገመድ 0.8 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ የታንደርቦልት 4 ገመዶች እስከ 2 ሜትር የሚገኙ ሲሆን የመብረቅ ምልክትና 4 ቁጥር ጫፋቸው ላይ አለ። ሙሉ ችሎታቸው የሚወጣው ዕቃዎቹ በሁለቱም በኩል ሲደግፉት ነው። አሮጌ የታንደርቦልት 3 ረጃጅም ገመዶች ታንደርቦልት በሌለው ዕቃ ላይ ሲሰኩ ወደ ዩኤስቢ 2.0 የሚወርዱ ስላሉባቸው ሁለተኛ እጅ ሲገዙ ይጠንቀቁ። ስቱዲዮ ለሌለው ሰው ይህን ገመድ አልመክርም።

ባለ ሦስት ጫፍ ገመዶች፣ ማግኔት ያላቸው ጫፎችና የታይፕ ሲ ማስረዘሚያዎችም ይሸጣሉ። ማስረዘሚያ በደንቡ የተፈቀደ አይደለም፤ የማግኔቶቹ ነጥቦች በቆሻሻና በብረት ብናኝ ሊነካኩ ይችላሉ፤ ባለ ሦስት ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ለቀስታ ቻርጅ ብቻ ነው። ሦስቱንም ቢተዉ ይሻላል።

| የገመዱ ዓይነት | ኃይል | ዳታ በሴኮንድ | ምስል ወደ ስክሪን | ተስማሚ ርዝመት | ለምን ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|
| ከኤ ወደ ሲ | 15 ዋት፤ በአምራቹ ቻርጀር ከዚያ በላይ | አብዛኛው 480 ሜጋቢት | የለም | 1 ሜትር | ስልክ፣ አነስተኛ ዕቃዎች |
| ከሲ ወደ ሲ፣ 60 ዋት | 60 ዋት | 480 ሜጋቢት | የለም | ከ1 እስከ 2 ሜትር | የዕለት ቻርጅ |
| ከሲ ወደ ሲ፣ 240 ዋት | 240 ዋት | 480 ሜጋቢት | የለም | እስከ 2 ሜትር | ላፕቶፕ፣ 45 ዋት ስልክ |
| ከሲ ወደ ሲ፣ 10 ወይም 20 ጊጋቢት | በማሸጊያው እንደተጻፈው | 10 ወይም 20 ጊጋቢት | አለ | እስከ 1 ሜትር | ኤስኤስዲ፣ ካሜራ፣ ስክሪን |
| ዩኤስቢ4፣ ታንደርቦልት 4 | በማሸጊያው እንደተጻፈው፤ ታንደርቦልት 4 ቢያንስ 100 ዋት | 40 ጊጋቢት፤ አዲሱ ዩኤስቢ4 80 | አለ | 0.8 ሜትር፤ ታንደርቦልት 4 እስከ 2 | የስቱዲዮ ሥራ |

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ የሆነና ስልክ ብቻ ያለው ሰው ቻርጀሩ የኤ ቀዳዳ ካለው የስልኩን አምራች ገመድ፣ የሲ ቀዳዳ ካለው ባለ 60 ዋት የ1 ሜትር ገመድ ይግዛ። ሁለት ርካሽ ገመድ ከመግዛት አንዱን ወፍራም መግዛት ያዋጣዋል፤ ረጅም ገመድ ካማረው ደግሞ ለውፍረቱ ተጨማሪ ለመክፈል ይዘጋጅ።

ስልክና ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ወይም ሠራተኛ ባለ 240 ዋት፣ 2 ሜትር የሆነ አንድ ገመድ ሁለቱንም ይሞላለታል። ፋይል የሚገለብጠው አልፎ አልፎ ከሆነ ሌላ አያስፈልገውም፤ ኤስኤስዲ ከገዛ ግን ከዲስኩ ሳጥን የሚወጣውን አጭር ገመድ ለቻርጅ ሳያውል ከዲስኩ ጋር ያኑረው።

ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን ይለዩ፦ 10 ጊጋቢት የሆነ አጭር ገመድ ለዲስክና ለካሜራ፣ 240 ዋት ለቻርጅ። በዚህ ሙያ ርካሽ ገመድ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ መሰኪያው የላላ ገመድ ግልበጣው መሐል ላይ ሲቋረጥ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ከውጭ አገር ካለ ዘመድ የሚያስመጡ ደግሞ «ጥሩ የታይፕ ሲ ኬብል» ብለው አይላኩ። «ከሲ ወደ ሲ፣ 240 ዋት፣ 2 ሜትር» ወይም «ከሲ ወደ ሲ፣ 10 ጊጋቢት፣ 1 ሜትር» ተብሎ በቁጥር ሲጻፍለት፣ ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ሰው ሳይሳሳት ያመጣዋል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ከሱቅ ሲገዙ ስልክዎንና ቻርጀርዎን ይዘው ይሂዱ። ገመዱ ሲሰካ ስክሪኑ ላይ ፈጣን ቻርጅ የሚል ጽሑፍ መምጣቱን ይዩ፤ ከዚያ ጫፉን በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ ሲነኩት ቻርጁ የሚቋረጥ ከሆነ ይመልሱት። ባለሱቁ ላፕቶፕ ካለው ስልኩን በገመዱ አገናኝተው አንድ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ያሳልፉ፦ ስልኩ ጭራሽ ካልታየ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ ነው፤ ስልኩና ላፕቶፑ ፈጣን ዳታ የሚችሉ ሆነው ግልበጣው ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ከፈጀ ገመዱ ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ከፈጀ ፈጣን ነው። ብዙ ገመድ ለሚገዛ ሰው ወይም ቢሮ በመሐል እየተሰካ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ መያዝ ጥሩ ነው፤ ቀጭኑን ገመድ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ማሸጊያው ከተጣለ በኋላ የ60 ዋቱንና የ240 ዋቱን ገመድ ብዙ ጊዜ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ቤት እንደገቡ በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው ዋቱንና ጊጋቢቱን በእስክሪብቶ ይጻፉበት።